አራት መቶ ገመድ

ረቡዕ ማለዳ መልካው ጋ ሲደርሱ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ከትናንት ወዲያ ከጉልበት የማያልፍ የነበረው ውሃ አሁን ጭቃ መስሎ፣ ግንድና ቅርንጫፍ እያንከባለለ፣ እያጓራ ይወርዳል። በቅሎዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ እግሯን ተከለች።

«ይህ ዛሬ አያሻግርም» አለ በቅሎ ነጂው።

«ነገስ?» አለች ቀያሿ።

«ነገማ ይብሳል። ሰማዩን አታዪውም?»

«እንግዲያው ዛሬ ነው የምንሻገረው» አሉ ሽማግሌው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ።

ሽማግሌው የመንደሩ የውሃ ዳኛ ናቸው። ከተራራው የሚወርደውን የቦይ ውሃ ለስልሳ ሁለት ቤተሰብ በተራ ያከፋፍላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከቦዩ ዳር ጠፍተው አያውቁም። ቀያሿ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ከተማ ባለው የመሬት ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። በቅሎ ነጂው ደግሞ ጥድፊያ ይባላል። ስሙ የወጣለት በዝግታው ነው። ልጆች ሳሉ ከቀያሿ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ሲማሩ፣ እሷ ፈተናውን ጨርሳ ስትወጣ እሱ ገና ስሙን እየጻፈ ነበር።

ዓርብ የሥራ ሰዓት ሲያልቅ መዝገቡ ይዘጋል። ከዚያ በፊት አንድ ድንጋይ ማግኘት አለባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንደሩ በላይ ያለውን ተራራ አንድ ትልቅ የጥጥ እርሻ ድርጅት ተከራይቶታል። መንደሩ የሚጠጣውም፣ በቆሎውንና ሽንኩርቱን የሚያጠጣውም ምንጭ ያለው እዚያ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ደንብ አጭር ነው፤ መንደሩ ምንጩ ላይ የቆየ ምልክት እንዳለው ካሳየ ውሃው የመንደሩ ይሆናል፣ ካላሳየ ምንጩ በድርጅቱ ካርታ ውስጥ ይገባል። ድርጅቱ ቧንቧውን ገዝቶ ጨርሷል። ቧንቧው ከተዘረጋ ቦዩ አንድ በጋ አይቆይም።

መንደሩ ያለው ማስረጃ አንድ አሮጌ ደብተርና አንድ ከቆዳ የተገመደ የጠፍር ገመድ ነው። ደብተሩ ላይ መንደሩን የመሠረቱት የአሥራ ዘጠኝ አባወራዎች ስም ተጽፏል። ከስማቸው በታች «ከመልካው እስከ ምንጩ ድንጋይ፣ በወንዙ ዳር፣ አራት መቶ ገመድ» የሚል አንድ መስመር አለ። ገመዱ ራሱ በመንደሩ እቃ ቤት ግድግዳ ላይ እንደተንጠለጠለ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል።

ከወር በፊት ያንን ርቀት እንድትለካ የተላከችው ቀያሿ ነበረች። ጽሕፈት ቤቱ ሌላ ቀያሽ የለውም። ገመዱን ከግድግዳው አውርዳ በብረት ሜትር ለካችው፤ አሥራ ስምንት ሜትር ሆነ። ከሁለት የቢሮ ሠራተኞች ጋር ከመልካው ተነስታ፣ በደረቁ የወንዝ ዳር ወጥታ፣ አራት መቶውን ቆጥራ ስትጨርስ አንድ ራቁት አለት ላይ ቆማ ነበር። ምንጭ የለም፣ ድንጋይም የለም። ለዘመዶቿ አዳላች እንዳትባል ከዚያ አለት አሥር እርምጃ እንኳ አላለፈችም። በነጭ ቀለም ምልክት አድርጋ ተመለሰችና «በተባለው ርቀት ላይ ምልክት አልተገኘም» ብላ ጻፈች። ፈረመች።

የውሃ ዳኛው ይህን ሰምተው አልጮኹም። ሃያ ሁለት ቀን አቤቱታ ሲያመላልሱ ከረሙና ባለፈው ሰኞ ቢሮዋ ገብተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ድንጋዩን በዚህ ጣቴ ነክቼዋለሁ» አሏት ጠቋሚ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው። «የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አባቴ በላይኛው መንገድ ይዞኝ ወጥቶ። ከዚያ ወዲህ ተራራው ተንዶ መንገዱን ቀበረው። ውሃው መምጣቱን ስላላቆመ ወጥቶ የሚያይ ጠፋ። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ይሁን። ግን ወይ ጣቴ ዋሽቷል፣ ወይ ቁጥርሽ።»

በዚያው ቀን የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቀች።

አሁን ጥድፊያ ወንዙን ቁጭ ብሎ ያያል። ቀያሿ ቆማ ጠበቀችው፤ ትዕግሥቷ አለቀ።

«እየቆጠርከው ነው እንዴ?»

«ግንዶቹ የሚያልፉበትን እያየሁ ነው። ሁሉም በወዲያኛው ጥግ ነው የሚወርዱት። ጥልቁ እዚያ ነው። እዚህ ከፍ ብሎ ያለው ግን ሰፊ ነው፤ ሰፊ ውሃ ደግሞ ስስ ነው።» ተነሳ። «ገመድ እንፈልጋለን።»

የያዙት ገመድ አንድ ነበር። ዳኛው ከረጢቱን እቅፍ አደረጉት።

«ይሄማ የአባቶቻችን ነው።»

«ጋሼ፣ አባቶቻችንም እኮ ወንዝ ተሻግረዋል» አለ ጥድፊያ።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ከረጢቱን ሰጡት። ገመዱ ደርቆ እንደ ሽቦ ተገትሯል። ጥድፊያ ዳር ላይ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ድንጋይ ጫነበት፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አሁን ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ቀያሿ።

«ይለስልስ እንጂ።»

ሲለሰልስ አንዱን ጫፍ ከዛፍ ግንድ ጋር አሰረ፣ ሌላውን ወገቡ ላይ ቋጠረ፣ በቅሎዋን ይዞ ገባ። ውሃው ደረቱ ድረስ ደረሰ። በቅሎዋ አንድ ጊዜ ተንሸራተተች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ዋኘች፣ ወዲያኛው ዳር ወጥታ ራሷን አራገፈች። ገመዱ ተወጥሮ ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ።

ቀያሿ ጂፒኤሷን በፕላስቲክ ጠቅልላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተከተለች። መሐል ላይ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ጭኗን መታት፤ እግሯ ከመሬት ተነቀለ። ውሃው አፏን ሞላው። ሁለት እጇ ብቻ ገመዱ ላይ ቀረ፣ ሰውነቷ እንደ ጨርቅ ወደ ታች ተዘረጋ።

«አትልቀቂ! እጅሽን ብቻ ነው የምፈልገው!» ብሎ ጮኸ ጥድፊያ።

አልለቀቀችም። በእጇ እየተሳበች፣ እያስነጠሰች፣ ዳር ደረሰች። በመጨረሻ ዳኛው ቋጠሮውን ከዛፉ ፈትተው ወገባቸው ላይ አሰሩና ገቡ፤ ሁለቱ እንደ ከባድ ጆንያ ጎትተው አወጧቸው። ሽማግሌው ዳር ላይ ተንበርክከው ውሃ ተፉ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ውሃን ሳዝዘው ኖሬ» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «ዛሬ ተበቀለኝ።»

ረፋዱ ላይ የመጀመሪያውን ጉብታ ወጡ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበርና መንደሩ ከታች ቁልጭ ብሎ ታየ። ከላይ ሲያዩት ሦስት ማዕዘን ነው። በቀኝ ይህ ወንዝ፣ በግራ በበጋ የሚደርቀው ጅረት፣ በራስጌው ደግሞ የተራራው ግርጌ። ሦስት ማዕዘኑን መሐል ለመሐል የሚሰነጥቀው ቦዩ ነው። ከቦዩ በላይ አፈሩ ቀይ፣ ከቦዩ በታች ጥቁር ነው። ቀያሿ ይህን መሬት በካርታ አሥር ጊዜ ሥላዋለች፤ እንዲህ ትንሽ ሆኖ ግን ታይቷት አያውቅም። አውራ ጣቷን ብትዘረጋ ስልሳ ሁለቱንም ቤት ይሸፍናል።

«የመሥራቾቹ ቤት መጀመሪያ ከታች ነበር» አሉ ዳኛው ወንዙ የሚታጠፍበትን ሜዳ እያሳዩ። «ጎርፍ ወሰደባቸው። አሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ ያን ዓመት በክረምት ወደ ላይ ሸሸ። ቀዩ አፈር ውሃ አይዝም፣ ጥቁሩ ውሃ አይለቅም። መሐል ላይ ካልሆነ አይኖርም ብለው ቦዩን እዚያው መሐል ቆፈሩት። ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። ከላይ የሚያርሱትና ከታች የሚያርሱት እስከ ዛሬ ይነታረካሉ፤ ሁለቱም እኔን ይሰድባሉ። እንደዚያ ሲሆን ውሃው በትክክል እንደተከፈለ አውቃለሁ።»

ከጉብታው ማዶ ወንዙ ረግረግ ይሆናል። ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ጥድፊያ በቅሎዋን እየሳበ ፊት ፊት ገባ፤ ጭቃው ባት ይውጣል። መሐል ላይ ሲደርሱ በቅሎዋ ድንገት ቆመች። ቀያሿ አንዳች ነገር ሸተታት፤ የከብት በረት ሽታ ነው፣ ግን እዚህ ምን በረት አለ?

ደንገሉ ተሰነጠቀና ጎሽ ብቅ አለ። ከመንጋው የተለየ ያረጀ ኮርማ ነው። አንድ ቀንዱ ጫፉ ተሰብሯል፣ ጀርባው ላይ ጭቃ ደርቋል። ከእነሱ ስምንት እርምጃ አይርቅም። ቀያሿ ልትሮጥ ስትል ጥድፊያ ክንዷን ያዘ።

«አትሩጪ።»

«ይመጣል!»

«ከሮጥሽ ነው የሚመጣው። ዝም በይ። ጋሼ፣ እርስዎም።»

ጎሹ ራሱን ዝቅ አድርጎ በአፍንጫው ተነፈሰ። ጥድፊያ የበቅሎዋን ልጓም ቀስ ብሎ፣ ጣቱን አንድ በአንድ እያነሳ ለቀቀ። በቅሎዋ ተፈትልካ ወደ ግራ ፈረጠጠች፤ ጎሹ ዞሮ ተከተላት። ደንገሉ ሲሰባበር፣ ጭነት ሲወድቅ፣ አንድ ከባድ ነገር ሲረገጥ ሰሙ። ከዚያ ጸጥ አለ።

በቅሎዋን ከሰዓት በኋላ አንድ ኮረብታ ላይ ሣር ስትግጥ አገኟት። ገመዱ ኮርቻው ላይ እንደታሰረ ነው። የስንቁ ከረጢት ግን የለም። ተመልሰው ሲፈልጉ ዳቦው ከጭቃ ጋር ተቦክቷል፤ የተረፈው አንድ ጣሳ ባቄላ ነው።

«ጎሹ ዳቦ እንደሚወድ አላውቅም ነበር» አለ ጥድፊያ።

«አንተን ባለመውደዱ አመስግን» አሉ ዳኛው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ራቁቱ አለት ጋ ደረሱ። ከወር በፊት የተቀባው ነጭ ምልክት ዝናብ አላጠፋውም። ከምልክቱ አጠገብ ወንዙ ከአንድ ጠባብ ገደል ውስጥ እየተገፋ ይወጣል። ቀያሿ ዙሪያውን እየተሳበች ፈለገች፤ ቁጥቋጦ ገለጠች፣ ድንጋይ ገለበጠች። ዳኛው አለቱን በእጃቸው ዳበሱት።

«ይህ አይደለም» አሉ። «የኔው ድንጋይ አጠገብ ግድግዳ ነበር። ውሃው ከግድግዳ ሥር ነበር የሚወጣው።»

«ጋሼ፣ አራት መቶው የሚያልቀው እዚህ ነው። ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርኩት።»

ዳኛው ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። ይህ ከስድብ የባሰ ሆነባት። ወደ በቅሎዋ ሄደች። ጥድፊያ ገመዱን ከኮርቻው ፈትቶ፣ አለቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዘርግቶ፣ በድንጋይ ተጭኖታል። ገና ውሃ ይንጠባጠባል። ቀያሿ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ምናልባትም እጇ ሥራ ስለፈለገ ብቻ፣ የብረት ሜትሯን አወጣችና ከገመዱ ጎን ዘረጋችው።

ቁጥሩን አየች። ጎንበስ ብላ እንደገና አየች።

«ጥድፊያ፣ ይህን ገመድ ቀጥለህበታል?»

«በምን ልቀጥለው?»

«ሃያ ሜትር ከሩብ ነው!»

«ይሆናላ። ርሷል።»

«እኔ ስለካው አሥራ ስምንት ነበር።»

«ደረቁን ነው የለካሽው?» አለና ጥድፊያ ሳቁ መጣ። «ደረቅ ጠፍር ማን ይዘረጋል? ጭነት ስናስር እንኳ ነክረን ነው። ሲነከር ይረዝማል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ጭነቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ደረቁንማ ብትስቢውም ቀጥ አይልልሽ።»

ቀያሿ አለቱ ላይ ተቀመጠች። መሥራቾቹ የመጡት በክረምት ነው። የሄዱት በወንዝ ዳር ነው። ገመዳቸው አንድ ቀን እንኳ ደረቅ ሆኖ አያውቅም ነበር።

«ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ያን ጊዜ ልምጣ ብልሽ፣ ‹አንተን ይዤ በዓመቱ አልደርስም› አልሽኝ።»

እውነቱን ነው፤ ብላዋለች። ማስታወሻዋን አውጥታ አባዛች። ደረቁ ገመድ አራት መቶ ጊዜ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ነው። እርጥቡ ስምንት ሺህ አንድ መቶ። ዘጠኝ መቶ ሜትር ይቀራል፣ አርባ አራት ገመድ ተኩል ያህል። ቀና ስትል ወንዙ የሚወጣበትን ገደል አየች። ዳኛውም ያዩ የነበሩት ወደዚያው ነው።

አንዱን ጣሳ ባቄላ ለሦስት ተካፍለው፣ የአለት ጥግ ተጠግተው አደሩ።

ሐሙስ ጠዋት በገደሉ አፍ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመው ጠበቋቸው። ፊተኛው ድርጅቱ የቀጠረው ካቦ ነው፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ የፕላስቲክ ቦት ጫማ ያደረገ። ሁለቱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። አንደኛው ትልቅ መዶሻ ተሸክሟል።

«ወዴት ነው?» አለ ካቦው።

«ወደ ምንጩ» አለች ቀያሿ።

«ይህ የድርጅቱ ይዞታ ነው።»

«እስከ ነገ አይደለም። መዝገቡ እስኪዘጋ አከራካሪ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ይኸው።»

ካቦው ደብዳቤውን እስከ ማኅተሙ አነበበው። ከዚያ እሷን አየ።

«ድንጋይ የለም ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ አሁን ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መሳሳቴን።»

ካቦው ሳያስበው ፈገግ አለ። «እንደዚህ የሚል ቀያሽ ገና ማየቴ ነው። ሂዱ። እኛም ከኋላ አለን።»

መዶሻው ለምን እንደመጣ ማንም አልጠየቀም፤ ማንም አልነገረም።

በቅሎዋን ውጭ አስረው ገቡ። ገደሉ ውስጥ ሰማዩ ከላይ ክር አክሎ ይታያል። ወንዙ ከታች፣ ሦስት ሰው በሚያህል ጥልቀት፣ ይፈላል። መሄጃው በግድግዳው ላይ ያለ አንድ ጠርዝ ነው፤ አንዳንድ ቦታ የእግር መዳፍ ብቻ ይይዛል። ጥድፊያ የነከረውን ገመድ ጫፍ ይዞ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ቀያሿ ከኋላ ይዛ ትወጥራለች፣ በጠመኔ ትጭራለች፣ ዳኛው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቆጥራሉ።

«አሥራ ሁለት!»

ግድግዳው ያነባል። ጠርዙ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል። ጥድፊያ እንደ ልማዱ አንዱን እግር ሳይተክል ሌላውን አያነሳም። ዛሬ ቀያሿ ቶሎ በል አላለችውም።

«ሃያ ስድስት!»

«ሠላሳ አንድ!» ባሉበት ቅጽበት ከኋላቸው ጩኸት ተሰማ። ቀያሿ ስትዞር ካቦው ጠርዙ ላይ የለም። ቦት ጫማው አንሸራቶት ወርዷል። ከታች ሁለት አለቶች መሐል የተሰነቀረ ግንድ አቅፎ፣ ውሃው እስከ አንገቱ ያጥበዋል። ግንዱ ይነቃነቃል።

ሠራተኞቹ እጃቸውን ዘርግተው ተንበረከኩ፤ እጅ የሚደርስበት አይደለም።

ቀያሿ የያዘችውን ጫፍ አየች። ከለቀቀችው ልኩ ይቋረጣል። በጠመኔው ግድግዳው ላይ ወፍራም መስመር ጨረች፣ አጠገቡ «፴፩» ብላ ጻፈች፣ ገመዱን ለቀቀች።

«ሳበው ጥድፊያ! ወደ እሱ ወርውር!»

ጥድፊያ ጠቀለለው፣ አነጣጠረ፣ ወረወረ። አልደረሰም። ሳበና እንደገና ወረወረ። ካቦው በአንድ እጁ ያዘው፣ ብብቱ ሥር አዞረው፣ በጥርሱ ነክሶ ቋጠረው። ግንዱ ከሥሩ ተነቅሎ ሄደ።

አምስት ሰው ሳበ። ገመዱ ተንጣጣ፣ ተለጠጠ፣ በጠርዙ ላይ ተፋቀ። የካቦው ራስ ከጠርዙ ጋር እኩል ሲሆን ያ የስንት ዘመን ጠፍር መሐሉ ላይ ጧ ብሎ ተበጠሰ። በዚያች ቅጽበት የዳኛው እጅ የካቦውን ኮሌታ ያዘ። ሠላሳ አንድ ዓመት አካፋ የያዘ እጅ ነው፤ ሌሎቹ እስኪደርሱ አልለቀቀም።

ካቦው ጠርዙ ላይ ተንጋሎ ረጅም ጊዜ ተነፈሰ። ከተበጠሰው ገመድ ግማሹ ደረቱ ላይ ነበር።

«ገመዳችሁን በጠስኩባችሁ» አለ።

«ሁለት አደረግህልን» አሉ ዳኛው። «ተነስ ልጄ፣ ይበርድሃል።»

ቀያሿ ወደ ጠመኔው መስመር ተመለሰች። የቀረውን በብረት ሜትር ለኩት፣ ሃያ ከሩብ እየቆረጡ። አርባ ሦስት ላይ ገደሉ ሰፋ። አርባ አራት ላይ ፊት ለፊት ቀጥ ያለ ግድግዳ ታየ፤ ከሥሩ ውሃው ያለ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ ይወጣል። ዝናብ አልነካውም፣ ጭቃ አልነካውም። ከግማሽ ገመድ በኋላ፣ ውሃው ከኩሬው ሞልቶ የሚፈስበት ደፍ ላይ፣ አንድ ረጅም ድንጋይ ሳር ለብሶ ተጋድሟል።

ዳኛው ጫማቸውን ሳያወልቁ ውሃው ውስጥ ገቡ። ሳሩን በእጃቸው ገፈፉ። በድንጋዩ ጠርዝ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጡ ቦታዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ውሃው በቀጭኑ ያልፋል። ሽማግሌው ጠቋሚ ጣታቸውን አንዱ ውስጥ ከተቱ። በሰባት ዓመታቸው ጣቱ ገብቶ ሰፍቶት ነበር፤ አሁን ጣቱ ወፍሯል፣ ግማሹ ብቻ ገባ።

«ይኸው» አሉ።

ቀያሿ ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ። ጥልቀታቸውን በሜትር ለካች፤ የጣት ውፍረት እንኳ አይበላለጡም። ካቦውም ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ለራሱ ቆጠረ።

መዶሻ የያዘው ሠራተኛ ተጠጋ። ድንጋዩን አየ፣ ካቦውን አየ።

«ልምታው?»

ዳኛው ጣታቸውን ከድንጋዩ ጥርስ መሐል አላወጡም። ቀያሿ ካሜራዋን ይዛ ተነሳች፤ ግን ካሜራ መዶሻ እንደማያቆም ታውቃለች። ጥድፊያ መጥቶ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ፣ እግሩን አነባብሮ፣ መንገድ ላይ ያረፈ ሰው መስሎ።

«የምን መምታት ነው?» አለ ካቦው ዝቅ ባለ ድምፅ። «መዶሻውን አስቀምጠው። ሰውየው ጣቱ አለበት።»

ቀያሿ የጂፒኤሱን ቁጥር መዘገበች፣ ፎቶ አነሳች፣ ቅጹን አወጣች። ቅጹ የሁለቱንም ወገን ፊርማ ይጠይቃል። ካቦው ብዕሩን ይዞ ቆየ።

«ነፍሱን ስላተረፉለት ፈረመ ይሉኛል። አምስት ልጆች አሉኝ።»

«ያላየኸውን አትፈርም» አለች ቀያሿ። «ያየኸውን ብቻ።»

ካቦው ቅጹን መስመር በመስመር አነበበ። «ጥንታዊ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ሰረዘው።

«ስንት ዓመቱ እንደሆነ አላውቅም። ድንጋዩን ግን አይቻለሁ። አሥራ ዘጠኙንም ቆጥሬያለሁ።» ፈረመ።

ከገደሉ የወጡት ከሰዓት በኋላ ነው። መልካው አሁንም ስለማያሻግር ካቦው በድርጅቱ መንገድ አወረዳቸው፤ ዓርብ ጠዋት በድርጅቱ ትራክተር ተጎታች ላይ ጫናቸው። ዳኛው ጥጡ መሐል ሲያልፉ ተዝናንተው ተቀምጠው ነበር።

«ጠላት እንዲህ ከሆነ» አሉ፣ «ወዳጅ ለምኔ?»

ትራክተሩ ከዋናው መንገድ ሳይደርስ ጭቃ ዋጠው። ቀያሿ ቅጹን ሸሚዟ ውስጥ ከትታ በእግሯ ሮጠች፣ የጭነት መኪና ለመነች፣ የሥራ ሰዓት ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ጭቃዋን እያንጠባጠበች ጽሕፈት ቤቱ ገባች። የክፍሉ ኃላፊ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየና መነጽሩን አወለቀ።

«የራስሽን ሪፖርት ራስሽ ትቃወሚያለሽ?»

«አዎ።»

«ስህተቱ ከየት መጣ ብዬ ልጻፍ? ገመዱ አርጅቶ ነው ልበል?»

መውጫ እየሰጣት ነበር። ገመዱ ቢወቀስ ማንም አይከራከርም።

«አይደለም» አለች። «ገመዱን ደረቅ ሆኖ ለክታው ነው ብለው ይጻፉ። የሚያውቅ ሰው ነበር፤ አልጠየቅሁትም።»

«ማስጠንቀቂያ ፋይልሽ ውስጥ ይገባል።»

«ይግባ።»

ኃላፊው ማኅተሙን መታ። ደብዛዛ ስለወጣ እንደገና መታው።

በማግስቱ እቃ ቤቱ ውስጥ ዳኛው ሁለቱን የገመድ ቁራጮች አንድ ምስማር ላይ ሰቀሏቸው። ደብተሩን ገልጠው ለእህታቸው ልጅ አቀረቡላት።

«ጻፊበት።»

«ጋሼ፣ የቆየ ሰነድ ላይ አይጻፍም።»

«ሌላ ቀያሽ መጥቶ ደረቁን እስኪለካ ልጠብቅ?»

እርሳስ ቀረጸች። «አራት መቶ ገመድ» ከሚለው ቀጥሎ፣ በደቃቁ፣ «ተነክሮ» ብላ ጨመረች።

ጥድፊያ በር ላይ በቅሎዋን ይዞ ቆሟል። ቀያሿ ወጥታ አጠገቡ ቆመች። ከቦዩ ማዶ ሁለት ጎረቤቶች ስለ ተራ ይጨቃጨቃሉ፤ ዳኛው አካፋቸውን አንስተው ወደዚያ ሄዱ።

«ሰኞ ከጅረቱ ወዲያ ያለውን መሬት እለካለሁ» አለችው። «ሥራ አለህ?»

«የለኝም። ስንት ሰዓት ልምጣ?»

ቀያሿ ትንሽ አሰበች።

«ስትደርስ» አለችው።